ለተከበረው የመንደራችን ኮሚቴ፦ የአምስት ዶሮዎች የመከላከያ መልስ

ለነዋሪዎች ማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ
በያላችሁበት

ጉዳዩ፦ «ሁከት ፈጣሪ እንስሳትን» በሚመለከት ለቀረበው ክስ መልስ ስለመስጠት

የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት፣

ቁጥርና ቀን ያለው፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት፣ አሥራ አንድ አባወራና እማወራ የፈረሙበት ማስጠንቀቂያችሁ ደርሶኛል። በዶሮ ጉዳይ ይህን ያህል ወረቀት ሲወጣ አይቼ ስለማላውቅ በሁለት እጄ ነው የተቀበልኩት። የውኃ ፓምፑ የተቃጠለ ጊዜ ምልዓተ ጉባኤ አልሟላ እያለ ስብሰባው በተደጋጋሚ እንደተበተነ ታስታውሳላችሁ። ለዶሮ ግን በአንድ ማታ ተሟላ። የማኅበራችን ነፍስ አለመውጣቷን ያወቅነው በእነሱ ነውና ምስጋናው ለዶሮዎቹ ይድረስልኝ።

ክሱ ሦስት ነው፦ ጩኸት፣ ሽታ፣ እና «የመንደሩን ደረጃ ዝቅ ማድረግ»። ተከሳሾቹ ፊደል አልቆጠሩም፤ ቢቆጥሩም ለኮሚቴ የሚሆን ትዕግሥት የላቸውም። ስለዚህ መልሱን እኔ በውክልና አቀርባለሁ።

ከጩኸቱ ልጀምር። «በየሌሊቱ በሚሰማው የዶሮ ጩኸት ነዋሪው እንቅልፍ አጥቷል» ብላችኋል። አምስቱም ተከሳሾች ሴቶች ናቸው። ሴት ዶሮ ብታስካካ እንጂ ሌሊት ተነሥታ አትጮህም። የምታስካካውም ባብዛኛው እንቁላል ስትጥል ነው፤ እንቁላሉን ደግሞ የምትጥለው በቀን ብርሃን ነው፤ ብዙዎቹ ጠዋት ላይ ይገላገላሉ። አንድ እንቁላል ሆዷ ውስጥ ተሠርቶ እስኪወጣ ከ24 እስከ 26 ሰዓት ይፈጃል። እናም የፈለገችውን ያህል ብትኮራ በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ የምትፎክርበት ነገር የላትም። እኛ አንድ ሥራ ሠርተን ስንት ጊዜ እንደምናወራው አስቡና ፍረዱ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ደግሞ ማንም ሳይነዳቸው ቆጥ ላይ ይወጣሉ። ገብስማዋ ሁልጊዜ የግድግዳውን ጥግ ትይዛለች። ቀይዋ ከጎኗ ለመቀመጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ትነቆራለች፤ በኋላ ገብስማዋ ትፈቅድላታለች። የቀሩት ሦስቱ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ጠጋ ጠጋ ብለው ይደረደራሉ፤ ላባቸውን ነፋ፣ አንገታቸውን ቅብር ያደርጉና በቃ፣ እስኪነጋ ንቅንቅ የለም። ዶሮ በጨለማ ዓይኗ እምብዛም አያይም። ካላመናችሁ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ የስልክ መብራት ይዛችሁ ኑ፤ በር እከፍታለሁ። ስትመጡ ግን በቀስታ፤ እነሱ ተኝተዋል።

አውራ ዶሮ የለኝም። ሴት ዶሮ እንቁላል ለመጣል አውራ አያስፈልጋትም፤ አውራ የሚያስፈልገው ጫጩት ለሚፈልግ ሰው ነው። ይህን የምጽፈው ከፈራሚዎቹ ሁለቱ «አውራውን ብቻ አርደህ ሌሎቹን አስቀር» ብለው በደግነት ስለመከሩኝ ነው።

ይሁንና ሌሊት የጮኸ አውራ የለም አልልም። እኔም ሰምቼዋለሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጀምራል። ድምፁን ተከትዬ ብወጣ ሦስተኛው ቤት ደረጃ ሥር፣ አንድ እግሩ በሲባጎ የታሰረ፣ ቀይ ኩክኒው የደማ የሚመስል መልከ መልካም አውራ አገኘሁ። ለፋሲካ ዋጋው ሳይንር አስቀድሞ የተገዛ ነው። ባለቤቱ የኮሚቴ አባል ናቸው፤ በማስጠንቀቂያው ላይ ፊርማቸው አራተኛ ሆኖ ይነበባል። ስማቸውን አልጠራም፤ አውራው በየሌሊቱ ይጠራላቸዋል።

በጃፓን የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳዩት አውራ ዶሮ ንጋትን የሚያውቀው ብርሃን ዓይቶ ብቻ አይደለም፤ ሰዓቱ ሰውነቱ ውስጥ ነው። ሳይነጋ የሚጮኸውም ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ በሠሩት ሌላ ጥናት ደግሞ አውራዎች አንድ ላይ ሲኖሩ መጀመሪያ የሚጮኸው አለቃቸው እንደሆነ፣ ሌሎቹ በማዕረጋቸው ተራ እየጠበቁ እንደሚከተሉ ደርሰውበታል። የደረጃ ሥሩ አውራ በግቢያችን ብቸኛ ስለሆነ ተራ የሚጠብቅለት አለቃ የለውም። ያለ ምርጫ ሊቀ መንበር የሆነ ሁሉ ደስ ባለው ሰዓት ይጮኻል። (ጋሼ ሊቀ መንበር፣ ይህ እርስዎን አይመለከትም፤ እርስዎ ተመርጠዋል፤ ምርጫው መቼ እንደነበር ብቻ ቃለ ጉባኤው ይፈለግልን።)

ፈረንጆቹ እንኳ ይህን ነገር ፍርድ ቤት አድርሰውታል። ሞሪስ የሚባል የኦሌሮን ደሴት አውራ ዶሮ በማለዳ ጩኸቱ ተከሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የሮሽፎር ፍርድ ቤት ነገሩን አይቶ ሞሪስን ነጻ ለቀቀው። ከሳሾቹ ጭራሽ 1,000 ዩሮ ካሣ ክፈሉ ተባሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ፈረንሳይ የገጠሯን ድምፅና ሽታ እንደ ቅርስ የሚያስከብር ሕግ አወጣች። እኔ ካሣ አልጠይቅም። ለአንድ ኩንታል ሰጋቱራ የሚሆን ካዋጣችሁልኝ ይበቃኛል።

ወደ ሽታው ስመጣ ቀልዱን ትንሽ ልግታ፤ እዚህ ላይ እውነት አላችሁ፣ ወይም ሊኖራችሁ ይችል ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለንብረት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳያውክ ያዝዛል። ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጢስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታና ድምፅ እንዳያወጣም ይከለክላል። ማስጠንቀቂያችሁ አንድም የሕግ ቁጥር ስላልጠቀሰ እኔው በራሴ ላይ ጠቅሼላችኋለሁ። ነገር ግን ሕጉ «ምንም አይሽተት» አላለም፤ ልክ አለው። የልኩ ስም ደግሞ መልካም ጉርብትና ነው እንጂ የሦስተኛው ቤት አፍንጫ አይደለም።

አንዲት ጣይ ዶሮ በቀን ከ100 ግራም በላይ ኩስ ትጥላለች። ኩሱ ደረቅ ከሆነ እምብዛም አይሸትም። የሚሸተው ሲረጥብ ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ ተሐዋስያን ያብላሉትና አሞኒያ ይወጣዋል፣ ዓይን የሚያቃጥለው እሱ ነው። ስለዚህ የዶሮ ቤት ሽታ የዶሮ ጥፋት ሆኖ አያውቅም፤ የጣሪያ፣ የውኃ መጠጫ እና የባለቤት ስንፍና ነው። ማረጋገጫውም ላብራቶሪ አይፈልግም። ከወለሉ ላይ አንድ እፍኝ ሰጋቱራ አንሡና ጭብጥ አድርጉት። ስትለቁት ከተበተነ ደረቅ ነው። እጃችሁ ላይ ከተጋገረ እኔ ተረትቻለሁ፣ ቅጡኝ። ኮሚቴው ለዚህ ምርመራ ሦስት አባላት ያሉት ንዑስ ኮሚቴ ቢያቋቁም አልቃወምም። አበል ግን በእንቁላል ነው።

ንዑስ ኮሚቴው በዚያው መንገዱ በሩ አጠገብ ያለውን የቆሻሻ ገንዳ ቢያሸት ደስ ይለኛል። መኪናው ካልመጣ ሰነባበተ። የገንዳው ሽታ ግን የጋራችን ስለሆነ ማንም አልከሰሰውም፤ የጋራ ሽታ በእኛ ግቢ ሽታ አይባልም። ጄኔሬተሩም ድምፅ አይባልም። የምክትል ሊቀ መንበሩ ሁለት ውሾች ሌሊቱን ሙሉ ጨረቃን ሲሳደቡ ቢያድሩ «ጥበቃ» ይባላል፤ በየሰርጉ ሰሞን እስከ እኩለ ሌሊት የሚደበደበው ሞንታርቦ ደግሞ «እልል በሉ» ነው።

በሽታ ያመጣሉ የሚልም በእርሳስ የተጨመረ መስመር አይቻለሁ። ዶሮዎቹ የፈንግል ክትባታቸውን ወስደዋል፤ ክትባቱ የሚመረተው ሩቅ ሳይሆን ቢሾፍቱ፣ እዚሁ አጠገባችን ነው። ፈንግል የዶሮ ጠር ነው፣ ሰውን እምብዛም አይጎዳም። ሳልሞኔላ ግን ቀልድ አያውቅም። ልጆቻችሁ ዶሮዎቹን ለማየት ሲመጡ፣ ይመጣሉም፣ እጃቸውን በሳሙና ሳይታጠቡ እንዳይሄዱ ሳሙናና ጀሪካን በሩ ላይ አስቀምጫለሁ። ይህን ያህል ጥንቃቄ በግቢያችን የጋራ ማረጃ ላይ ባየው ኖሮ ከማስጠንቀቂያው ሥር እኔም እፈርም ነበር።

እንግዲህ ሦስተኛው ክስ ቀረ። ነገሩም እሱ ነው፤ ሌላው ማጀቢያ ነው። «ዶሮ ማርባት የመንደሩን ደረጃ ዝቅ ያደርጋል፣ ቤት ሊገዛ የሚመጣ ሰው ገጠር የገባ ይመስለዋል።» እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር በደብዳቤው ውስጥ ብቻውን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጆሯችሁም አፍንጫችሁም ደህና ነው። የታመመው ክብራችሁ ነው። በ2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ «የሌማት ትሩፋት» ሲጀመር፣ ወተቱም እንቁላሉም ማሩም ከየጓሮው ይምጣ ሲባል፣ በቴሌቪዥን ዓይታችሁ «ጥሩ ነው፣ ሕዝቡ ይሥራ» ብላችኋል። ሕዝቡ እኔ ስሆን ግን ነገሩ ተበላሸ። ዶሮ በቴሌቪዥን ሲታይ ልማት፣ በአጥር ሲታይ ኋላ ቀርነት የሚሆንበትን ምሥጢር ወረዳችን ያለው የከተማ ግብርና ባለሙያ ቢያብራራልን እወዳለሁ። የ45 ቀን ቄቦችን ሲያከፋፍል ስለ ደረጃ ያነሣው ነገር አልነበረም።

ከፈራሚዎቹ መካከል ዶሮ በሌለበት ግቢ ያደገ እስኪ እጁን ያውጣ። አብዛኞቻችን እናታችን እንቁላል አጠራቅማ የገዛችልንን ደብተር ይዘን ነው ትምህርት ቤት የሄድነው። የሐበሻዋ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው የምትጥለው፤ በዚያች ቁጥር ስንቱ ቤት እንደቆመ ሒሳብ ሹማችን ቁጭ ብለው ያስሉት። ከእኔዎቹ ሁለቱ ቦቫንስ ብራውን የሚባል የውጭ ዝርያ ናቸው፤ በጥሩ አያያዝ እያንዳንዳቸው እስከ 300 ሊደርሱ ይችላሉ። እንቁላል በነጠላ ብር የተሸጠበትን ጊዜ ደግሞ ልጆቻችን እንደ ተረት ነው የሚሰሙት።

እንቁላልን ካነሣን፣ ስለ ማስጠንቀቂያው ቀን አንድ ነገር ልበል። ዶሮዎቹ ጓሮዬ ከገቡ ከርመዋል። ከመስከረም እስከ ጥር ድረስ ጩኸትም ሽታም አልነበራቸውም፤ የነበረው «እማዬ አራት እንቁላል ካለ አበድሩን ብላለች» እያለ ሣህን ይዞ የሚመጣ ልጅ ነው። ማስጠንቀቂያው የተጻፈው በዐቢይ ጾም ሁለተኛው ሳምንት ነው። ሁላችሁም ጾመኞች ናችሁ፣ ጾሙን እግዚአብሔር ይቀበልላችሁ፤ ዶሮ ግን አትጾምም፣ መጣሏን ቀጠለች። ያን ጊዜ ነው የሸተተቻችሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ እንቁላሉን የወሰዱልኝ ከጎኔ ያሉት ሙስሊም ጎረቤቴ ናቸው፣ በረመዳን ለሳምቡሳው ማጀቢያ እየቀቀሉ። የእሳቸው ቤት ከዶሮ ቤቱ በአንድ አጥር ነው የሚለየው፤ ከማንም ይልቅ ሊሸታቸው የሚገባው እሳቸውን ነበር። አልፈረሙም።

ደግሞ የቀነ ገደቡ ነገር። «ዶሮዎቹ እስከ ቅዳሜ ስዑር ድረስ ከግቢው እንዲወገዱ፤ አንዳንድ አባላትም በማስወገዱ ሥራ ለመተባበር ፈቃደኝነታቸውን ገልጸዋል» ይላል። ቅዳሜ ስዑር! ከ55 ቀን ጾም በኋላ፣ ሽንኩርት በየቤቱ በሚቁላላበት ማታ፣ አምስት ዶሮ «ለማስወገድ» ፈቃደኛ የሆነ ጎረቤት በማግኘቴ ዕድለኛ ነኝ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ። እኔ አልተታለልኩም። አሥራ ሁለቱን ብልት እኔም እቆጥራለሁ።

አሁን በቁም ነገር የምጠይቀው ይህን ነው። ዶሮ ክልክል ነው ከማለት ይልቅ ደንብ ይውጣ። አንድ ቤት ስንት ዶሮ መያዝ እንደሚችል፣ የዶሮ ቤቱ ከጎረቤት መስኮት ስንት ሜትር መራቅ እንዳለበት፣ ሰጋቱራው በየስንት ጊዜ እንደሚቀየር ይወሰን። አውራ ዶሮ ይከልከል፤ ለበዓል የሚገዛውም ይካተት። በዚያው ደንብ የውሻው፣ የጄኔሬተሩና የሞንታርቦው ሰዓትም ይጻፍ። እንዲህ ያለ ደንብ ከመጣ ከሁላችሁ በፊት እፈርማለሁ፤ ከልኩ ካለፍኩም ቅጡኝ። ዶሮዎቹ ይውጡ የምትሉ ከሆነ ግን ውሳኔያችሁን የሕግ ቁጥር ጠቅሳችሁ በጽሑፍ ስጡኝ፤ ይግባኝ የምልበት እንዲሆነኝ።

ከሰላምታ ጋር
የቤት ቁጥሩ ከማኅደር የሚገኝ ጎረቤታችሁ

ግልባጭ፦
ለሒሳብ ሹም (የሰጋቱራው መዋጮ ይታሰብልኝ)
ለሦስተኛው ቤት (ሲባጎው ስለላላ አውራው ሳይጠፋ ይጠበቅ)
ለፋሲካ እንቁላል ለምትፈልጉ ፈራሚዎች በሙሉ፦ እስከ ሆሣዕና ድረስ ተመዝገቡ፤ ብዛቱ ውስን ነው፣ ዱቤ የለም።