«ፒካፕ ነው ያለችው»

የእንግሊዝኛ ግስ ብቻውን ሲሄድ ጨዋ ነው። ጠባዩ የሚለወጠው አንዲት ጢኒጥ ቃል ከኋላው ስትከተለው ነው። እኛ ስንማር እነዚህን ጥንዶች በደብተራችን ግራ፣ ፍቺያቸውን በቀኝ እየጻፍን እንሸመድድ ነበር። «ፒክ አፕ» ማለት ከመሬት ማንሳት ነው፤ አለቀ። ሰው ስልክ ሲያነሳ፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ሲያመጣ፣ ቋንቋ ከሰፈር ሲለቃቅም፣ የቀዘቀዘ ገበያ ሲነቃቃ፣ ጉንፋን ሲይዘው፣ ለሁሉም ይኸው ቃል እንደሚላክ የነገረን አልነበረም። የቀኙ ዓምድ ጠቦ ይሆናል።

አጎቴ ግን በዚህ አይታሙም። እንግሊዝኛን ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ከሰላም ጓድ መምህራን ነው የተማሩት። እነዚያ አሜሪካውያን ወጣቶች ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ወደ አገራችን ሲመጡ ለደሴም ደርሰዋት ነበር። አጎቴ እስከ ዛሬ የፈረንጅ ነገር ሲነሳ መነጽራቸውን ሳያስተካክሉ አይናገሩም።

ቨርጂኒያ ተወልዳ ያደገች የአክስቴ ልጅ ልትመጣ ሆነና ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ «ፒክ አፕ» እንዲያደርጓት ጻፈችላቸው። አንብበው ሲጨርሱ ፊታቸው በራ።

«ፒካፕ ነው ያለችው። ዕቃ በዝቶባት ነው። አስተዋይ ልጅ!»

«ጋሼ፣ ተቀበሉኝ ማለቷ እኮ ነው።»

«መቀበል 'ሪሲቭ' ነው። አንተን ማን ነው ያስተማረህ?»

ከዚህ በኋላ ክርክር የለም። ሰኞ ገበያ ሄደው ጠዋት ሽንኩርት ሲያመላልስ የዋለ ፒካፕ ተከራዩ። ጋቢናው ከሾፌሩ ሌላ ሁለት ሰው ነው የሚይዘው። እንግዳዋና አጎቴ ሁለት ናቸው። እኔ የት እንደምቀመጥ የጠየቀኝም፣ የነገረኝም አልነበረም።

ልጅቷ ሦስት ሻንጣ እየገፋች ወጣች። አጎቴ ሻንጣዎቹን አይተው ዞር ብለው አዩኝ፤ አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ አላስፈለጋቸውም። እሷ መኪናውን በሳቅ ፎቶ አንስታ ጋቢና ገባች፤ እኔም ከሻንጣዎቹና ከሽንኩርቱ ልጣጭ ጋር ከኋላ ወጣሁ።

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግን መንገዱ የሚሄደው ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ላይ ነው። ከ1,800 ሜትር ገደማ ተነስቶ ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል። ታች ፀሐዩ ጭንቅላቴን ሲጠብሰኝ ቆየ፤ ሐረጎ ላይ ጉሙ ዋጠን፤ ከጉሙ ቀጥሎ ዝናብ። ጋቢና ውስጥ ሲሳቅ በኋላ መስኮቱ አያለሁ። አንድ ጠምዛዛ ስንዞር ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን።

«አንተ፣ ሰው ነህ ዕቃ?» አለኝ።

ጥርሴ እየተንገጫገጨ መልስ ሳዘጋጅ፣ አጎቴ በመስኮት ብቅ አሉና «የዕቃ ጠባቂ ነው!» አሉ። ፖሊሱ ጨዋ ሰው ነበር፤ ሾፌሩን ተቆጥቶ እኔን ከጋቢናው በር ጋር አጣብቆኝ ሄደ። ከዚያ እስከ ቤት የመጣሁት ግማሽ ጎኔ ላይ ተቀምጬ ነው።

በማግስቱ የነጋልኝ በትኩሳት ነው። ጉንፋኑን «ፒክ አፕ» አደረግሁ የምትለው ግን እሷ ሆነች። አጎቴ ወለሉን ዙሪያውን ቃኙና በጆሮዬ «ምን ጥላ ነው ያነሳች?» አሉኝ።

በእሳቸው ከመሳቄ በፊት ልጅቷ የእኛን ቋንቋ ስትታገል ማየት ነበረብኝ። ስልክ እናነሳለን፣ ፎቶ እናነሳለን፣ ክርስትና እናነሳለን፣ ጥያቄ እናነሳለን፤ አንዱም መሬት ላይ አልወደቀም። ከዚያ የባሰው ደግሞ ቅጥያው ነው። «መሰከረለት» እና «መሰከረበት» መሃል ያለችው አንዲት ፊደል አንዱን ነፃ ታወጣለች፣ ሌላውን ታሳስራለች። እንግሊዝኛው ተንኮለኛዋን ቃል ቢያንስ ለይቶ ጽፎ ያሳያል፤ እኛ ግሱ ሆድ ውስጥ ነው የምንደብቃት።

ይህ የታየው ሐሙስ ዕለት፣ ለዱዓ በተሰባሰብንበት ወዳጃ ላይ ነው። ቡናው ተፈልቶ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ዱዓው ደርቶ ሳለ ልጅቷ ምርቃት ፈለገች። እጇን ዘርግታ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እባካችሁ፣ ዱዓ አድርጉብኝ!» አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። አንዷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ቀድመው የሳቁት ከሁሉም ትልቋ እናት ነበሩ።

«አብሽሪ ልጄ፣ እናደርግልሻለን እንጂ አናደርግብሽም!»

አጎቴ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ይኸው! የእኛም 'አፕ' እና 'ዳውን' ከኋላ ተጣብቆ ነው የሚመጣ» አሉና ለቤቱ ሙሉ ሰው ትምህርት ጀመሩ። ቡናው እስኪቀዘቅዝ አላቆሙም። እውነቱን ለመናገር፣ ካየኋቸው የሰዋስው መጻሕፍት ሁሉ በተሻለ ነው ያስረዱት፤ በፒካፑ ጉዳይ ግን አሁንም ትክክል ነበርኩ ይላሉ። ሦስት ሻንጣ በታክሲ ይመጣ ነበር ወይ ብለው ሲሞግቱኝም መልስ አጣለሁ።

እንግዳ ልትቀበሉ ኮምቦልቻ የምትወርዱ ካላችሁ፣ የተጻፈላችሁን ትታችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ሐረጎን ደግሞ በክፍት መኪና ያለ ጋቢ አትሞክሩት።