ሦስት ፔዳል፣ ሁለት እግር

ዳገት ላይ አቁሞ ማስነሳት ከመንጃ ፈቃድ ፈተና አጫጭር ክፍሎች አንዱ ነው። ከተሳካ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ ካልተሳካ ዕድሜ ልክ ይወራል። ተፈታኙ ዳገቱ ወገብ ላይ ያቆማል፣ የእጅ ፍሬን ይይዛል፣ ፈታኙ «ቀጥል» ሲለው ወደ ኋላ ሳይንሸራተትና ሞተር ሳያጠፋ ይነሣል።

የችግሩ ሥር ሒሳብ ነው። ማንዋል መኪና ፍሪሲዮን፣ ፍሬንና ነዳጅ የሚባሉ ሦስት ፔዳሎች አሉት፤ ለሰው የተሰጡት እግሮች ግን ሁለት ናቸው። ግራው ፍሪሲዮን ላይ ተቀጥሯል፤ ቀኙ ፍሬኑንም ነዳጁንም ደርቦ ይሠራል። ሜዳ ላይ ይህ ድርብ ሥራ አይታወቅም። ዳገት ላይ ግን ቀኝ እግር ከፍሬን ወደ ነዳጅ በሚሻገርባት ቅጽበት መኪናው ያለ ጠባቂ ይቀራል። መሬት ደግሞ ቁልቁል ለመሳብ መንጃ ፈቃድ አያስፈልጋትም።

የእጅ ፍሬን ለዚህች ቅጽበት ሦስተኛ እግር ይሆናል። እሱ መኪናውን እንደያዘ አንደኛ ማርሽ ይገባል፣ ነዳጅ ጥቂት ይሰጣል፣ ፍሪሲዮን ቀስ እያለ ይለቀቃል። ያኔ የፍሪሲዮኑ ሸራ ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን ቮላኖ መንከስ ይጀምራል፤ ጉልበቱም በካምቢዮ በኩል ወደ ጎማ ይሄዳል። መንከሱን የሚያበሥሩ ምልክቶች ሁለት ናቸው፦ የሞተሩ ድምፅ ጎርነን ይላል፣ የመኪናው አፍንጫም ቀና ይላል። ግራ እግር እዚያው ረግቶ የእጅ ፍሬኑ ሲለቀቅ መኪናው ወደ ፊት ይነሣል። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ እንደሚሄድ የተናገሩ አባቶች ፍሪሲዮን ባያዩም ጠባዩን አውቀውታል።

የሚወድቁት በሁለት ይከፈላሉ። ችኩሉ ፍሪሲዮኑን በአንድ ጊዜ ይለቅቃል፤ መኪናው አንዴ ዘሎ ይጠፋል። ፈሪው ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዞ ነዳጁን እስከ ወለሉ ይረግጣል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይንቀሳቀስም፣ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ፈታኙ አፍንጫ ይደርሳል። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው የግራ ጉልበት መንቀጥቀጥ ነው፤ እስክስታ ከትከሻ ወደ ጉልበት የሚወርደው እዚህ ላይ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ለወደቀ ሰው ሳይንሳዊ ሰበብም አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ባሕር ዳርቻ ላይ ከነበረው ጉልበት አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። ሰበቡ እውነት ነው፤ ነጥብ ግን አያስገኝም። ሌላ ሰበብ ለሚፈልግ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮና ቮላኖም ስማቸው ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ከዚህ ሁሉ ንጹሕ አማርኛው ዳገቱ ብቻ ነው።

ከፈተና ውጭ ለዳገት ሌላ መላ አለ። የጭነት መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ከኋላ ጎማ ሥር ታኮ ያደርጋል፤ ታኮው አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ዳር የተገኘ ድንጋይ ነው። መኪናው ሲሄድ ድንጋዩ አስፋልቱ ላይ ይቀርና ማታ የሚመጣውን ሾፌር ይጠብቃል። ተፈታኝ ረዳትም ታኮም የለውም።

አውቶማቲክ መኪና ሒሳቡን አስተካክሎታል፤ ሁለት ፔዳል ለሁለት እግር። የኤሌክትሪክ መኪናም ፍሪሲዮን የለውም፤ ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። ይሁንና ፍሪሲዮን ያለው መኪና ገና ብዙ ዓመት ዳገት ይወጣል። ስለዚህ ዳገት ላይ ከቆመ ሚኒባስ ጀርባ የሚቆም ሁሉ የአንድ መኪና ያህል ቦታ ይተው፤ ከፊት ያለው ሾፌር ፈተናውን ያለፈው በስንተኛው ሙከራ እንደሆነ አይታወቅም።