ድረ ገጹ ከቆቦ አልወጣም

ቆቦ ላይ ኮምፒውተር ትንሽ የነካካ ሰው ዕረፍት የለውም። ቴክኒክና ሙያ ገብቶ አይቲ መማር ከጀመረማ አለቀለት፤ ለሰፈሩ ስልክ ጠጋኙም፣ ዲሽ አስተካካዩም፣ ዲቪ ሲከፈት ፎርም ሞይውም እሱ ነው። እኔ በዚህ ሁሉ ላይ የኮምፒውተር ላብ ረዳት ተብዬ ነበር። የላብ ረዳት ማለት ደመወዝ የሌለው ቁልፍ ያዥ ነው። አስተማሪ ሲቀር ያስተምራል፣ ማሽን ሲሞት ያስነሣል፣ ዕቃ ሲጠፋ ይጠየቃል።

ወልድያ ላይ ጃኬት ለብሶ መኪና የተሳፈረ ሰው ጎብዬን አልፎ ሮቢት ሲደርስ ጃኬቱን ያወልቃል፤ ቆቦ ሲገባ ሸሚዙንም ማውለቅ ያምረዋል። ከዞብል ተራራ ሥር የተዘረጋው የራያ ሜዳ ለዓይን ደስ ይላል፤ ለኮምፒውተር ግን አይመችም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ አቧራው በመስኮት ስንጥቅ ይገባና የማሽኑ ማራገቢያ ላይ ይጋገራል። ማራገቢያው መዞር ሲያቅተው ኮምፒውተሩ ይግልና ድርግም ይላል። ስለዚህ ድረ ገጽ ልንማር ገብተን መጀመሪያ የተካንነው በቀለም ብሩሽ አቧራ ማራገፍ ነው።

ኢንተርኔቱም አልነበረም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ቆቦ ላይ ሲመላለስ መብራቱም ስልኩም ጠፍቶ ከረመ። ያ አለፈ ስንል ደግሞ በ2015 ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። ድረ ገጽ አሠራርን የተማርነው እንግዲህ በዚያን ጊዜ ነው። ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በፍላሽ ይመጣል፤ ከትምህርቱ ጋር ቫይረሱም ይመጣል። ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ስናገኘው «ማን ነው የሰካው?» እንባባላለን፤ የሚያምን አልተገኘም።

አብሮኝ የሚረዳው ልጅ ከሮቢት አካባቢ ነው። ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ግሪሳ ወፍ ይመጣል፤ ግሪሳ ከመጣ ደግሞ የገበሬ ልጅ ክፍል መግባት የለም፣ ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ሲጮህ ነው የሚውለው። ይኼ ልጅ ማማው ላይ ደብተር ይዞ ይወጣ ነበር። የድረ ገጹን ኮድ፣ ኤችቲኤምኤሉን፣ በእስክሪብቶ ይጽፋል፤ ወፉ ሲመጣ እስክሪብቶውን ጥሎ ወንጭፉን ያነሣል፤ ወፉ ሲሄድ ወደ ኮዱ ይመለሳል። አንድ ጊዜ በማግስቱ ላብ መጥቶ የጻፈውን ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጥ ገጹ ከርዕሱ እስከ ግርጌው ደምቆ ወጣ። ደብተሩን አገላብጠን አየነው። ማድመቂያውን የሚከፍተው ቅንፍ አለ፣ የሚዘጋው የለም፤ በቦታው አፈር የነካው የጣት አሻራ አርፎበታል። «እሷን ግሪሳ በላት» አለና ሳቀ።

ዲዛይንን ደግሞ ያስተማረን ባነር ነው። የስብሰባ ባነር የሚያሠራ ሰው ግማሽ ገጽ ጽሑፍ ይዞልን ይመጣል። አጋር ድርጅቶቹ ሁሉ ሎጎ አላቸው፤ የአንዱ ሎጎ ከሌላው ካነሰ ጠብ ነው። ትንሽ ባዶ ቦታ እንተው ስንል «ለባዶው አልከፈልን እንዴ?» እንባላለን። አንድ ጊዜ የአንድ ኃላፊ ጉርድ ፎቶ ክፍት ቦታውን ይሙላ ተባለና ወደ ጎን ተለጠጠ። ሰውዬው ቀጭን ናቸው፤ ባነሩ ላይ ሁለት ሰው አክለው ወጡ። እኛ ስንሳቀቅ እሳቸው ወደዱት።

ወደ ድረ ገጹ ልመለስ። አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቆየን፣ «ለገበሬው መረጃ የሚሰጥ ድረ ገጽ ሥሩልን» አለ። ሐሳቡ ደግ ነበር። ራያ የማሽላ አገር ነው፤ የማሽላ ጠላት ደግሞ አቀንጭራ የሚባለው አረም ነው። አቀንጭራ ከመሬት በታች የማሽላውን ሥር ይዞ ይመጠምጣል፤ ብቅ ብሎ ሐምራዊ አበባውን ሲያሳይ ብዙው ጉዳት ደርሷል። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና ይህንን አረም የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው ነው። አረሙን ከሚቋቋሙት ዝርያዎች አንዱ ጎብዬ ይባላል፤ ስሙ ከእኛዋ ጎብዬ ጋር አንድ ነው። ታዲያ ይህን ከራያ ገበሬ በላይ ማን ሊያነበው ይገባ ነበር?

ጽሑፉ በዎርድ መጣ። ገልብጠን ገጹ ላይ ብናሳርፈው አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም፤ የላቲን ፊደልና የዶላር ምልክት ተደባልቆ ቁጭ አለ። ያመጣው ሠራተኛ «እኛ ጋ እኮ አማርኛ ነበር፤ እናንተ ጋ ሲደርስ ምን ነካው?» ብሎ ተቆጣ። ጉዳዩ የፎንት ነው። የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የራሳቸው ቦታ ስላልነበራቸው የእኛን ፊደል መልክ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። አማርኛው የተዋሱት ልብስ ነው፤ ፎንቱ ያልተጫነበት ስልክ ላይ ልብሱ ይወልቃል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለፊደላችን የራሱን ቁጥር ሰጥቶታል፤ ማይክሮሶፍትም ኒያላ የሚባለውን ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር አምጥቷል። ይህ ወሬ እዚያ መሥሪያ ቤት አልደረሰም። ጽሑፉን ከአንድ ብለን እንደ አዲስ መታነው።

ገጹ አለቀና የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሊያዩት መጡ። ወንበር አቀረብንላቸው። ደስ አላቸው። ወዲያው ስልካቸውን አውጥተው አዲስ አበባ ላለ ወንድማቸው ደወሉና ወደ እኔ ዞር አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ አድራሻውን ንገሪኝማ።»

«ጋሼ፣ ገና እኮ ኢንተርኔት ላይ አልወጣም።»

«ይኸው እያየሁት አይደል እንዴ!»

ብሮውዘሩ ላይ የነበረው አድራሻ 127.0.0.1 ነው። ይህ አድራሻ የትም ያለ ኮምፒውተር ላይ ቢመታ ወደዚያው ኮምፒውተር ይመለሳል እንጂ ወደ ሌላ አይሄድም። ይህን ላስረዳ አፌን ስከፍት እሳቸው ቁጥሩን ከነነጥቡ አንብበው ጨርሰዋል። ወንድምየው ሞክሮ «አይከፍትም» አለ።

«የአዲስ አበባ ኔትወርክ ድሮም እንዲህ ነው» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ገጹን ለሕዝብ ለማውጣት የዶሜይን ስም መግዛትና ሰርቨር መከራየት ያስፈልግ ነበር። የነጥብ ኢቲ ስም ከኢትዮ ቴሌኮም ይገኛል። መሥሪያ ቤቱ ግን የባነር እንጂ የሰርቨር በጀት አልነበረውም። ገጹ ላቡ ውስጥ ቀረ፤ አንድም የማሽላ ገበሬ ሳያየው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ሥልጠና ይፋ አድርጓል። ፕሮግራሚንጉም፣ አንድሮይዱም፣ ዳታ ሳይንሱም በነፃ ነው፤ ኔትወርክ ላለው መልካም ዕድል ነው። ሆኖም ኮድ የሚጽፍ ልጅ ቆቦም አላጣችም፤ ማማ ላይ ሆኖ የሚጽፍ አለን። ያጣነው የተጻፈውን የሚያወጣልን ነው።

ስለዚህ ድረ ገጽ የምታሠሩ ኃላፊዎች ሆይ፦ ጽሑፋችሁን በዩኒኮድ ስጡን። በካርድ ዳታ የሚከፍት ሰው አለና ፎቶው ይነስ ስንል እሺ በሉን። ከባነሩ ላይ ቆንጥራችሁ ለሰርቨር ያዙ። ከተረፈ ደግሞ ለረዳቶቹ የምሳ ክፈሉ።