ሥልጣን የሌለው ኮማ፦ በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገሮች ጋብቻ ላይ የቀረበ ጥናት

በእንግሊዝኛ ሰዋስው ሁለት ሙሉ ዐረፍተ ነገሮችን በኮማ ብቻ ማጣመር ወንጀል ነው። «ኮማ ስፕላይስ» የሚል የራሱ ስም ተሰጥቶታል፤ ቅጣቱም ከቀይ እስክሪብቶ አንሥቶ እስከ ተመላሽ የመመረቂያ ጽሑፍ ይደርሳል። ሊቃውንቱ ወንጀሉን እስከ ዛሬ የመረመሩት በሥርዐተ ነጥብ በኩል ብቻ ስለሆነ ዋናው ነገር አምልጧቸዋል፤ ጉዳዩ የቤተሰብ ሕግ ጉዳይ ነው። ራሱን የቻለ ዐረፍተ ነገር ባለቤትና ግስ አለው፤ ማንንም ሳያስፈቅድ በነጥብ ተዘግቶ ብቻውን ማደር ይችላል። በሌላ አነጋገር ለአቅመ ጋብቻ ደርሷል። እንዲህ ያሉ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ሊኖሩ ሲፈልጉ የማጋባት ሥልጣን ያለው ምልክት ያስፈልጋቸዋል፤ ኮማ ደግሞ ይህ ሥልጣን የለውም። የዚህ ጥናት ክርክር ሕጉ ትክክል ነው፣ መምህራን ለሕጉ የሚሰጡት ምክንያት ግን ትክክል አይደለም የሚል ነው። ኮማ አጭር ትንፋሽ፣ ሰሚኮለን መካከለኛ ትንፋሽ፣ ነጥብ ረጅም ትንፋሽ ነው የሚለው ትምህርት ለዘማሪ ይጠቅም ይሆናል። በዝምታ ለሚያነብ ሰው ትንፋሹ የራሱ ጉዳይ ነው።

በሕግ የታወቁት የጋብቻ ዓይነቶች ብዙ አይደሉም። የመጀመሪያው ኮማ ከሽማግሌ ጋር ሲመጣ የሚጸና ነው፤ ሽማግሎቹም ሰባት ናቸው፦ ፎር፣ ኤንድ፣ ኖር፣ በት፣ ኦር፣ የት እና ሶ። የአሜሪካ ተማሪዎች በመጀመሪያ ፊደሎቻቸው ገጣጥመው «ፋንቦይስ» እያሉ ይሸመድዷቸዋል። ሁለተኛው ሰሚኮለን ነው፤ ይህ የእኩዮች ውል፣ ማለትም ሰማንያ ነው። ምልክቱን በ1490ዎቹ ቬኒስ ላይ ለኅትመት ያበቃው አሳታሚው አልደስ ማኑቲየስ ሲሆን፣ የታየውም ፒየትሮ ቤምቦ ኤትና ተራራን ስለ መውጣቱ በጻፈው መጽሐፍ ነው። ሰማንያ መሆኑን ለማረጋገጥ ማፋታት ብቻ ይበቃል፦ ሰሚኮለኑን አንሥቶ ነጥብ ቢተኩበት ሁለቱም ወገን ንብረቱን እንደያዘ፣ ጭረት ሳይነካው ይወጣል። ሦስተኛው የቁርባን ጋብቻ ነው። «ቢኮዝ» ወይም «ኦልዞው» የገባበት ዐረፍተ ነገር ነጻነቱን ለዘላለም ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ብቻውን በነጥብ ቢወጣ መምህሩ ጎኑ ላይ «ቁርጥራጭ» ብሎ ይጽፍበታል፤ ፍቺ የለውም። ከእነዚህ ውጭ አንድ አስቸጋሪ ሰው አለ፤ ስሙ «ሀውኤቨር» ነው። ጋቢ ለብሶ፣ ከዘራ ይዞ ከሽማግሎቹ ወንበር ይቀመጣል፣ ንግግሩም የሽማግሌ ነው፣ ነገር ግን ተራ እንግዳ ነው። ማንነቱ የሚታወቀው ቦታ ሲቀይር ነው፦ «በት» ከተቀመጠበት ንቅንቅ አይልም፤ «ሀውኤቨር» ግን ከዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ተነሥቶ መሐል፣ ከመሐል ተነሥቶ መጨረሻ ሄዶ ሊቀመጥ ይችላል። ግራና ቀኝ በኮማ ታጅቦ ሁለት ዐረፍተ ነገሮችን ያጋባበት ሰነድ ሁሉ ፈራሽ ነው። የወንጀሉ ፈጻሚዎች በብዛት የሚገኙትም እዚህ ላይ ነው፤ ከእነርሱም ውስጥ ዲግሪ የሌለው ጥቂት ነው፤ ያልተማረ ሰው በ«ሀውኤቨር» አይጠቀምምና።

አማርኛ ተናጋሪው በዚህ ወንጀል ሲከሰስ ማቅለያ ሊያዝለት ይገባል። አማርኛ ዐረፍተ ነገርን የሚያጋባው በነጥብ ሳይሆን በግሱ ነው። «ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ ቢሮ ገባ» ሲባል አምስት ሥራ ተሠርቷል፤ አራቱ ግሶች ግን ቦዝ አንቀጽ ናቸው፤ የሚያስረው የመጨረሻው ማሰሪያ አንቀጽ ብቻ ነው። በመሐል ያሉት ነጠላ ሰረዞች ጌጥ ናቸው፤ ቢነቀሉም ቤቱ አይፈርስም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ የሚከታተለው ተማሪ ይህንኑ ሰንሰለት ወደ እንግሊዝኛ ሲያሻግር ሰረዞቹ ባሉበት ይቀራሉ፤ ቦዝ የነበሩት ግሶች ግን ድንበር እንደተሻገሩ እያንዳንዳቸው ማሰሪያ ሆነው ይነሣሉ። በአንድ ጣሪያ ሥር አምስት አባወራ ተገኘ ማለት ነው። ተማሪው ሰዋስው አላጠፋም፤ የአገሩን የቤተሰብ ሕግ ይዞ ውጭ አገር ሄደ እንጂ። በእርግጥ እኛም ድርብ ሰረዝ አለን፤ አጠቃቀሙ ግን እንደየጸሐፊው ቁጣ የሚለያይ ስለሆነ ለመከላከያ ማስረጃነት ባይቀርብ ይሻላል።

«ምን ጎዳ? አንባቢው እንደሆነ ገብቶታል» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። መልሱ በአንድ ምሳሌ ይታይ። በእንግሊዝኛ «ኃላፊው አልመጣም» እና «ስብሰባው ተሳካ» የሚሉ ሁለት ሙሉ ዐረፍተ ነገሮች በኮማ ብቻ ተያይዘው ቢጻፉ፣ ስብሰባው የተሳካው ኃላፊው ባለመምጣቱ ነው ወይስ ባይመጣም ነው? በ«ሶ» ቢጋቡ ጸሐፊው ከሥራ ይባረራል፤ በ«በት» ቢጋቡ ይሾማል። የምልክት ነገር እንጀራ ብቻ ሳይሆን መጠጥም እንደሚያስቀር የማሳቹሴትስ ግዛት ታሪክ ያስረዳል። በ1875 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዲሁም እሑድ መጠጥ መሸጥን ከልክሎ፣ የእንግዳ ማረፊያ ፈቃድ ያላቸውን ግን ለእንግዶቻቸው እንዲያቀርቡ ይፈቅድ ነበር። ሕጎቹ በኋላ እንደገና ሲደራጁ በሌሊቱና በእሑዱ መካከል የነበረው ኮማ ወደ ሰሚኮለን ተለወጠ። በ1900 ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ሲደርስ ሰሚኮለኑ የለየውን ሰው አይቀላቅለውም ተባለ፤ ፈቃዱ ለእሑድ ብቻ ቀረ። ሕጉ በ1906 እስኪሻር ድረስ የሆቴል እንግዶች ከ5 ሰዓት በኋላ በአንዲት ነጥብና በአንዲት ሰረዝ ምክንያት ደረቅ ጉሮሮ ይዘው ተኙ። አንባቢው ገብቶት ነበር፤ ያልገባው ዳኛው ነው፣ ወይም በደንብ የገባው እርሱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ቻርልስ ዲከንስ በ1859 ባሳተመው የሁለቱ ከተሞች ልቦለድ መክፈቻ ላይ ሙሉ ዐረፍተ ነገሮችን በኮማ ብቻ እየቀጣጠለ አንድ ሙሉ አንቀጽ ሠርቷል፤ ማንም ቀይ እስክሪብቶ አልመዘዘበትም። የዩልየስ ቄሣር ናቸው የሚባሉት ሦስት አጫጭር የድል ቃላትም በእንግሊዝኛ የሚጻፉት በኮማ ነው። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው መምህር ዊልያም ስትራንክ በ1918 በታተመው ትንሽ የአጻጻፍ መመሪያው ኮማው እንዳያጋባ በግልጽ ከከለከለ በኋላ፣ ዐረፍተ ነገሮቹ በጣም አጫጭርና በቅርጽ የሚመሳሰሉ ከሆኑ ግን ይፈቀዳል ብሎ በሩን በጥቂቱ ከፍቷል። እንግዲህ ሕጉ ለድኻ ብቻ ነውን? ጥናቱ እንደዚያ አያምንም። ቅርጻቸው አንድ የሆነ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ዝምድናቸው ከፊታቸው ይነበባል፤ መንትዮች መሆናቸውን ለማወቅ መዝገብ ማገላበጥ አያስፈልግም። የዲከንስን ጉዳይ ደግሞ የእኛው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ይፈታዋል። አዋጁ ጋብቻ ሳይፈጸም እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖርን ያውቃል፤ ግንኙነቱ ከሦስት ዓመት ያላነሰ ከቆየ በዚያ ጊዜ የተፈራው ሀብት የጋራ ይሆናል ይላል። የዲከንስ ዐረፍተ ነገሮች አብረው ሲኖሩ ከ160 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ዛሬ መጥቶ ሰርተፊኬት አሳዩ ማለት ነውር ነው። ትላንት ማታ የተጻፈ የማመልከቻ ደብዳቤ ግን ይህን አንቀጽ ሊጠቅስ አይችልም።

እውነተኛው ፈተና ሦስተኛው ነው፦ ሰሚኮለንም እኮ ዝምተኛ ነው! ኃላፊው አልመጣም፤ ስብሰባው ተሳካ ብለን በሰሚኮለን ብናጋባቸውም ባለመምጣቱ ይሁን ባይመጣም አልታወቀም። ይህ ትክክል ነው፤ መካድም አይገባም። ልዩነቱ የሥራ ብዛት ነው። ኮማ ዝርዝር ይለያል፣ ቅጽል ይደረድራል፣ መግቢያ ሐረግ ይዘጋል፣ የተሰነቀረ ቃል ያጅባል፤ ስለዚህ አንባቢው ኮማ ባገኘ ቁጥር ቀጥሎ የሚመጣው የዝርዝሩ ሌላ አባል ይሁን አዲስ ባለቤት ያለው ዐረፍተ ነገር አያውቅም፤ ግሱ ላይ ሲደርስ ተመልሶ እንደገና ያነባል። ሰሚኮለን ግን ከማጋባት ሌላ ያለው መተዳደሪያ ሆዳቸው በኮማ የተሞላ ረጃጅም ዝርዝሮችን መለየት ብቻ ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1963 ከበርሚንግሃም እስር ቤት በጻፈው ደብዳቤ ከ300 ቃላት በላይ የሚረዝመውን አንድ ዐረፍተ ነገር ያቆመው በዚህ ሥራው ነው፤ ታገሡ ለሚሉት ሰዎች መልስ ሲሰጥ በየበደሉ መካከል ሰሚኮለን እያስቀመጠ አንባቢው ነጥብ እስኪያገኝ ራሱ እንዲታገሥ አድርጎታል። ደራሲው ከርት ቮኔጋት ሰሚኮለን ኮሌጅ መግባትን ከማሳየት በቀር ምንም አይፈይድም ብሎ ተሳልቋል። ሰማንያም ቢሆን ለማሳየት የሚፈረምበት ጊዜ አለ፤ ውሉን ግን አያፈርሰውም።

በኮማና በሰሚኮለን መካከል መምረጥ የታከታቸው ጸሐፊዎች ለብዙ ዘመን የተጠለሉት በረጅሙ ሰረዝ፣ በዳሽ ነበር። ዳሽ ያለ ምስክር ያጋባል፤ የጋብቻውን ዓይነት አይጠይቅም፣ መዝገብም አይዝም፣ ሰዋስውም ከልክሎት አያውቅም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ዳሽ የበዛበት ጽሑፍ ሁሉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ ነው የሚል ጥርጣሬ ስለተነሣ፣ ዕድሜ ልካቸውን በዳሽ ሲያጋቡ የኖሩ ሰዎች ሰው መሆናቸውን ለማስመስከር ወደ ኮማ እየተመለሱ ነው፤ ለዚህም አንዳንዶቹ ሆን ብለው ስሕተቱን መፈጸም ጀምረዋል።