ጠጋ ጠጋ በሉ

ሰርግም ይሁን ክርስትና፣ ፎቶ አንሺ የታወቀች ትእዛዝ አለችው፦ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» እኔ ግን ሰዉን ባለበት አቁሜ ራሴ ነኝ ወደ ኋላ የምሸሸው። የምታሸሸኝ አንዲት ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ናት።

ካሜራዬ የጀማሪ ካሜራ ናት። አብሯት የመጣው ከ18 እስከ 55 የሚሳብ ዙም ደጅ ላይ ጎበዝ ነው፤ ቤት ሲገባ ግን እንደ አያቴ ዳበሳ ይጀምራል። እስከ ጫፍ ስስበው ቀዳዳው ኤፍ 5.6 ላይ ይቀራል። ይህ ቁጥር እንደ ወረፋ ቁጥር ነው፤ ሲያንስ ይሻላል። ኤፍ 1.8 ከ5.6 አሥር እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። «ቋሚ ሌንስ ግዛ» ያሉኝም ለዚሁ ነበር። ቋሚ ማለት አይሳብም ማለት ነው። የሚሳበው ባለቤቱ ነው።

ከቋሚዎቹ ርካሹ ባለ 50ው ነው። በፊልም ዘመን ብዙ የተፈተነ፣ 6 ብርጭቆ ብቻ ተደርድሮ የሚሠራ ነገር ስለሆነ ዋጋው አያስደነግጥም። ሳልጠይቅ የገዛሁት ግን አንድ ነገር ነበረው፤ የጀማሪ ካሜራ ብርሃን መቀበያ ከድሮው ፊልም ያንሳል፣ ስለዚህ የምስሉን ዳር ዳር ቆርጦ ይጥላል። እኔ እጅ ያለው 50 እንደ 80 ሆኖ፣ አጥብቦ ነው የሚያየው።

ይህን የተማርሁት በዐፄ ፋሲል ግቢ ነው። የንጉሡ ግንብ ቁመቱ 32 ሜትር ያህል ነው። ካሜራዬን አቁሜ ብይዛት እንኳ ከመሠረት እስከ ጉልላት ለማስገባት 70 ሜትር ገደማ መራቅ አለብኝ። በዚያ በናቅሁት ዙም፣ 18 ላይ፣ 26 ሜትር በበቃኝ። እሺ ብዬ መሸሽ ጀመርሁ። ግን በዚህ ግቢ ከአባት የሸሸ ልጅ ላይ ይገጫል፤ ከዐፄ ፋሲል ስትርቅ የልጃቸው የዐፄ ዮሐንስ ግንብ አለ፣ እሱን ብታልፍ የልጅ ልጃቸው የዐፄ ኢያሱ አለ። ነገሥታቱ ግንብ ሲጨምሩ ስለኔ ጀርባ ያሰበ አልነበረም።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ግን ሌንሷ ኮራች። ፍላሽ ክልክል ነው፣ ውስጡ ጨለምለም ያለ ነው፤ ዙሙ አምና መላእክቱን ሁሉ ጭጋግ አድርጎብኝ ነበር። አሁን በ1.8 የአንዱ መልአክ ዓይን ጥርት ብሎ ወጣልኝ። የአንዱ! እኔ የምፈልገው ጣሪያውን ሞልተው ቁልቁል የሚያዩትን ሁሉ ነው። ተንበረከክሁ፣ ከዚያም ምንጣፉ ላይ በጀርባዬ ተዘረጋሁ። ከዚህ በኋላ መሸሽ መሬት ውስጥ መግባት ነው።

«ምነው ልጄ፣ አመመህ እንዴ?» አሉኝ አንድ አባት።

«የለም አባ፤ ሁሉንም ላስገባቸው ብዬ ነው።»

ቀና ብለው መላእክቱን አዩ፣ ዝቅ ብለው እኔን አዩ። «ወዴት ነው የምታስገባቸው?»

ሰሜን ተራሮች ላይ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ጭላዳው ሰው ሳይፈራ አጠገብህ ሣሩን ይነቅላል፣ ለሱ ባለ 50 ይበቃል። ገደል አፋፍ ላይ ያለው ዋልያ ግን በኔ ፎቶ ቁንጫ ነው።

የመግዣ ገንዘብ ቆጥራችሁ ለተቀመጣችሁ ልንገራችሁ። ዙማችሁን 35 ላይ በፕላስተር አሽጋችሁ አንድ ቀን ዋሉ፣ በማግስቱ 50 ላይ። ፕላስተር ከሌንስ ይረክሳል፤ እኔ ከገዛሁ በኋላ ነው የሞከርሁት። ሥራችሁ ቡና የተፈላበት ቤት ከሆነ ለካኖን ባለ 24ቱ ቀጭን ሌንስ፣ ለኒኮን ባለ 35ቱ ኤፍ 1.8 ይሻላል። ኒኮን የያዘ ደግሞ አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ሌንሱ ሞተር አለው? እንደ ዲ 3300 ያሉት የጀማሪ ካሜራዎች የራሳቸው ሞተር ስለሌላቸው፣ ርካሹን የድሮ ባለ 50 ሲገጥሙለት እንደ ሬዲዮ ጣቢያ በእጅ እያዞሩ መፈለግ ነው። ባለ 50ውን ፊት ብቻ ለሚያነሣ እመርቅለታለሁ።

ፊት ስል አክስቴ ትዝ አለችኝ። ባለፈው ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ ጠራችኝ። አሜሪካ ላለችው ልጇ የሚላክ ፎቶ ነው። መስኮት አጠገብ፣ በ1.8 አነሣኋት። የአንገቷ ንቅሳት፣ የሹሩባዋ መስመር፣ ሁሉም ቁልጭ አለ፤ ከኋላዋ ያለው ደግሞ እንደ ወተት ፈሰሰ። በሕይወቴ ያነሣሁት ትልቁ ፎቶ እሱ ነው።

«ቡፌዬስ?» አለች።

«እትዬ፣ ሆን ብዬ ነው ያደበዘዝሁት፤ አንቺ ጎልተሽ እንድትታዪ...»

«እኔንማ ልጄ ታውቀኛለች። በላከችው ብር የተገዛውን ቡፌ ነው ያላየችው!»

ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 8 አጠበብሁና መሸሽ ጀመርሁ። ሶፋውን አለፍሁ፣ ደፉን ተሻገርሁ፣ ግቢው ውስጥ ከዶሮዎቹ መካከል ቆሜ በበሩ በኩል አነጣጠርሁ። ቡፌው አሁንም ግማሽ ነው።

«ኧረ ጠጋ በል!» ስትል ሰማኋት። ከዚያ ስልኳን ለጎረቤት ልጅ ሰጠቻት። ልጅቷ ከሁለት እርምጃ ላይ አክስቴን፣ ቡፌውን፣ ብርጭቆዎቹን፣ ቴሌቪዥኑን ሁሉ አንድ ላይ አስገባቻቸው። አሜሪካ የደረሰው ያ ነው። ትኩር ብሎ ላየው፣ በቡፌው መስታወት ውስጥ፣ ከሩቅ፣ ዶሮዎች መካከል አንድ ካሜራ የያዘ ሰው ቆሟል።