ሰርዶና እምቦጭ

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

ፍልሰታ በገባ በሳምንቱ ነው። ከጉና ተራራ የሚወርዱት ርብና ጉማራ ከአፍ እስከ ገደፋቸው ሞልተው ፈሰሱ፤ ጣናም ከዚህ በላይ አልችልም አለ። የፎገራ ሜዳ ባሕር ሆነ። ከወረታ በኩል ሆኖ ለሚያየው ከውሃው በላይ የቀረው የሩዙ ጫፍ፣ የጎጆ ክዳንና አንዲት ዋርካ ነበር።

በዋርካዋ ሥር ካለችው ጉብታ ላይ አንዲት አሮጊት የፎገራ ላምና አንዲት ጊደር ቆመዋል። አሮጊቷ ረግረግ የለመደች፣ በወተቷ የተመሰገነች ናት። ጊደሯ ግን እንዲህ ያለ ክረምት አይታ አታውቅም፤ ትንቀጠቀጣለች።

ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ጣና ላይ የታየው መጤ፣ እምቦጭ፣ ሐምራዊ አበባውን ደርድሮ በነፋስ እየተነዳ መጣ።

«ምን ያስጨንቃችኋል? እኔ ውሃው ከፍ ሲል ከፍ እላለሁ፤ ነፋሱ ወደነፈሰበት እሄዳለሁ። መሬት የሙጥኝ ማለት ምን ይጠቅማል? ኑ፣ ጀርባዬ ላይ ውጡ» አላቸው።

ጊደሯ አረንጓዴውን ስታይ ሜዳ መሰላት። እግሯን አነሣች።

«ተይ ልጄ» አለች አሮጊቷ። «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ። ያ ሜዳ አይደለም፤ ከሥሩ መሬት የለም።»

«ታዲያ ምን ይዘን እንቁም እማማ? ሣሩ እንኳ ሰጥሞ ሞቷል።»

አሮጊቷ አፏን እስከ ዓይኗ ውሃው ውስጥ ነክራ አንድ የሰርዶ ሐረግ በከንፈሯ ሳበች። ሐረጉ ነጥቷል፤ ቅጠሉ በስብሶ እንደ እርጥብ ወረቀት ይላጣል። ግን አልተነቀለም። በየአንጓው እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሥሮች ወርደው ጭቃውን ጨብጠዋል።

«አልሞትኩም» አለ ሰርዶው። «ያመኛል እንጂ። በጥርና በየካቲት፣ ሁሉ በጥጋቡ ጊዜ፣ አንድ አንጓ በተራመድኩ ቁጥር ቆሜ አንድ ሥር እጥል ነበር። የበጋውን ሥር ነው ዛሬ የያዝኩት።»

«ሥርህስ ማንን ይዟል?» አለች ጊደሯ።

«የፈጠረኝን።»

ገበሬ ነቅሎ የማይጨርሰው፣ ሲያርስ የሚያማርረው ሰርዶ ነው ይህን የተናገረው። እኔ ይህን ስሰማ ትዝ የሚሉኝ ማንም ሳያያቸው፣ ቤታቸው ደኅና በሆነበት ዘመን፣ በየጠዋቱ ደጀ ሰላም የሚሳለሙ እናቶች ናቸው። መከራ ሲመጣ ጉልበት ከየት አመጡ እንላለን። ያን ጊዜ ነው ያመጡት።

ጊደሯ ግን አልረካችም። «ከጸለይን ውሃው ይጎድላል?» አለች።

አሮጊቷ ብዙ ቆየች። «በ1998ቱ ጎርፍ ጥጃዬን ወሰደብኝ» አለች በመጨረሻ። «ሌሊቱን ሙሉ አምላኬን ጠራሁት። ውሃው አልጎደለም፤ ጥጃዬም አልተመለሰ። ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ሲነጋ ግን በእግሬ ቆሜ ነበር፤ በማን ኃይል እንደቆምኩ አውቃለሁ። እናቱ የሞተችበት ሌላ ጥጃ አጠገቤ ሲያለቅስ አገኘሁት፤ የልጄን ጡት ሰጠሁት።»

ጊደሯ ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም። አንገቷን አሮጊቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች። ሲመሽ ከውሃው ማዶ የቤተ ክርስቲያን ደወል ተሰማ። ሁለቱም ጆሯቸውን አቀኑ። እምቦጭም ነፋሱ ዞሮበት ሌሊቱን ሄደ።

ውሃው ለብዙ ቀን አልሸሸም። የጉብታዋ ሣር አለቀ፤ የሁለቱም ጎድን ተቆጠረ። አንዳንድ ሌሊት አሮጊቷ ራሷ ጉልበቷ ሲከዳት ጊደሯ ናት ደግፋ ያሳደረቻት።

መስከረም ጠባና ውሃው ወደ ጣና ተመለሰ። ሜዳው ላይ ደለል ተኝቷል። እምቦጭ ሐይቁ ዳር ተከምሮ ደርቋል፤ የአካባቢው ሰው እስከ ወገቡ ገብቶ የቀረውን በእጁ ይነቅላል።

ሰርዶው ደለሉን ሰንጥቆ በየአንጓው አቆጠቆጠ። በጥቅምት ከብቱ ሁሉ ሜዳው ላይ ተሰማራ፤ ጊደሯም በልታ ጠገበች።