ለፔንሪን ግንብ ጌታ የተጻፈ የምስጋናና የማጽናኛ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለክቡር ጆርጅ ሄይ ዶውኪንስ ፔናንት፣
ሰሜን ዌልስ

ጉዳዩ፦ ስለ ግንብዎ ምስጋና፣ ስለ ኪሳራዎም ማጽናኛ ማቅረብን ይመለከታል

ከ1820ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በባንጎር ከተማ አጠገብ ያሳነጹት የፔንሪን ግንብ፣ አርክቴክቱ ቶማስ ሆፐር በኖርማን ስልት፣ ማለትም ከዚያ ሰባት መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ በነበረው የወፍራም ግድግዳና የክብ ቅስት አሠራር የቀረጸው በመሆኑ፣ የቅርብ ጊዜ ሀብት የጥንት ባላባት መስሎ እንዲታይ ላደረጉት ጥረት ምስጋና ይገባዎታል።

ሀብቱ በአመዛኙ በጃማይካ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች በባርነት ከተያዙ ሰዎች ጉልበት የተገኘ ሲሆን፣ የእንግሊዝ ፓርላማ በ1833 ባርነትን የሚሽር ሕግ ሲያወጣ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ የመደበው ነፃ ለወጡት ሳይሆን ለባለቤቶቻቸው ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ቢባልም፣ ሕጉ ወጊውን እንደ ተወጊ ቆጥሮ በባርነት ስለ ያዟቸው 764 ሰዎች 14,683 ፓውንድ ከ17 ሽልንግ ከ2 ፔንስ ስለ ከፈለዎ፣ ሁለቷ ፔንስ እንኳ ሳትጎድል መድረሷ ሐዘንዎን እንዳቀለለልዎ ይታመናል።

ሌላው የገቢዎ ምንጭ ስሌይት፣ ማለትም በስሱ እየተሰነጠቀ ለጣሪያ ክዳን የሚውለው ድንጋይ ሲሆን፣ ከእርሱ ተጠርቦ አንድ ቶን ያህል የሚመዝነው አልጋ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1859 በእንግድነት መጥተው ሊተኙበት ፈቃደኛ ያልሆኑበት ነው። የድንጋይ ካባው ሠራተኞች ከ1900 እስከ 1903 ሥራ አቁመው ከልጅ ልጅዎ ጋር ሲፋጠጡ፣ በየመስኮታቸው «በዚህ ቤት ከሃዲ የለም» የሚል ጽሑፍ ለጥፈው ስለነበር፣ በአካባቢው ለጎብኚ የሚሆን ጽሑፍ ያዘጋጁት ከቤተሰብዎ ቀድመው እነርሱ ናቸው ማለት ይቻላል።

ግንቡን ከ1951 ጀምሮ የሚያስተዳድረው ናሽናል ትረስት፣ ማለትም ቅርሶችን የሚጠብቀው የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ቤቶቹ ከባርነትና ከቅኝ ግዛት ጋር ያላቸውን ትስስር በ2020 በዘገባ ሲያወጣ፣ አንዳንዶች የሽርሽር ቀናቸው በፖለቲካ ተበላሸ ብለው አጉረመረሙ። በግንብ በታጠረው የአትክልት ስፍራ፣ የፉክሲያ አበባ በተንጠለጠለበት መተላለፊያ ሥር የሚንሸራሸር ሰው አበባው በማን ገንዘብ እንደ ተተከለ መስማት ካስከፋው፣ ያለ ፈቃዱ አገዳ ሲቆርጥ የኖረው ሰው ቅሬታ ከእርሱ ቅሬታ በፊት መቅረብ ነበረበት። ስለዚህ ክቡርነትዎ የተቀበሉት ሒሳብ፣ ከነሽልንጉና ከነፔንሱ፣ ከመግቢያው ዋጋ ጎን በጉልህ እንዲለጠፍ ፈቃድዎን እንዲሰጡ በአክብሮት ይጠየቃሉ።

ግልባጭ፦
ከካሳው አንዲት ፔንስ ላልደረሳቸው 764 ሰዎች